አልበሙ እንደሚለው

እናቴ ቢፌ ውስጥ ያለውን አልበም ላመነ ሰው የእኛ ቤተሰብ በ1999 ዓ.ም. አልቋል።

አልበሙን ታውቁታላችሁ፤ በየቤቱ አለ። ቡናው እስኪፈላ ለእንግዳ የሚቀርብ፣ ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ ያለበት፣ ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲገለጥ የሚንጫጫ። የእኛው የሚጀምረው አባቴ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ቤልቦተም ሱሪውን ለብሶ፣ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሞ ነው። የሚያልቀው ታናሽ እህቴ ሚኒስትሪ አልፋ ኬክ ስትቆርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶ ፕላስቲክ። እንግዳው ቀና ብሎ «ከዚህ በኋላስ?» ሲል እናቴ «ከዚህ በኋላማ ሞባይል መጣ» ትላለች። «ከዚህ በኋላማ ወረርሽኝ ገባ» የምትል ነው የሚመስለው።

ፎቶ ሳንነሳ ቀርተን አይደለም። ስልኬ ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ አለ። ግማሹ የደረሰኝና የባንክ ዝውውር ነው። ሌላው ደግሞ የእህቴ ልጅ ስልኬን እየነጠቀች ያነሳችው የጣሪያችን ኮርኒስ፣ በልዩ ልዩ ማዕዘን። የድሮዎቹስ ብትሉኝ «ክላውድ» ላይ ናቸው፤ ደመና ላይ መሆኑ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው መሆን አለበት።

አባቴ በነበረበት ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ያሺካ ካሜራ ነበረችው። ፊልም ሲገዛ ሠላሳ ስድስት ይላል ማሸጊያው፤ አባቴ ሠላሳ ስድስቱን ከመስከረም እስከ ሰኔ ያብቃቃቸዋል። ሁለቱ ለእንቁጣጣሽ፣ አራቱ ለጥምቀት፣ አንዱ «ለክፉም ለደጉም» ይቀመጣል። ሲያልቅ ይታጠባል፤ ታጥቦ ሲመጣ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የእያንዳንዱን ጀርባ በእርሳስ ይጽፍበታል፦ «ጥምቀት 1987፣ ጃንሜዳ»፣ «የግቢው ኮክ ያፈራ ጊዜ»። እስክሪብቶ አያስነካም። ቀለሙ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል ባይ ነበር።

መስከረም 2017 ላይ እናቴ አልበሙን ለእንግዳ አቀብላ ስትመለስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እኔ ስሞት ለቅሶ ላይ የምታቆሙት ፎቶ እንኳ የላችሁም እኮ» አለችኝ። ይህን የሰማ ልጅ ምን ያደርጋል? ካሜራ ሊገዛ ይነሳል። ትንሽ፣ ርካሽ፣ ኪስ የምትገባ፣ ለአዘቦት የምትሆን። ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ጥፋቴ ሰው መጠየቄ ነው። የእኛ ሰው መንገድ ከጠየቃችሁት ባያውቀውም አያሳፍራችሁም፤ ካሜራም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ያማከርኳቸው ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። «ሜጋው ስንት ነው?» አሉኝ። ገና አልገዛሁም ጋሼ ብላቸውም «ሜጋውን እወቅ» አሉ። እሳቸው 108 ሜጋፒክስል ስልክ አላቸው፤ ልጃቸው ናት የላከችላቸው። የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ማታ ቤት ውስጥ በዚያ ስልክ አንስተውታል፤ ሕፃኑ ገንፎ ይመስላል። ክርስትና አባቱም እንዲሁ ገንፎ ናቸው፣ ክራባት ያሰረ ገንፎ።

ሒሳብ አስተማሪ በመሆናቸው በሒሳብ ልሞግታቸው ፈለግሁ። አልበም ውስጥ የምትገባው 10 በ15 ፎቶ ጥርት ብላ እንድትታተም 1,200 በ1,800 ነጥብ ይበቃታል፤ ሲባዛ ሁለት ሜጋፒክስል ከምናምን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤ4 እንኳ ዘጠኝ አይሞላም። «የቀረው ዘጠና ዘጠኝ ምን ይሠራል ታዲያ?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «መጠባበቂያ ነዋ» አሉ።

የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ቢያዩት እንዴት በናቁት! በፈረንጆቹ 1975 ኮዳክ ውስጥ ስቲቭ ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ገጣጥሞ ሲሠራው የሜጋው ነገር 0.01 ነበር። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ገደማ፤ ቅርጫት ሙሉ ሽንኩርት በሉት። አንዲቷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ዘፈን የምንቀዳበት ዓይነት ካሴት ላይ። መጀመሪያ የተነሳችው የላብራቶሪ ባልደረባው ቴሌቪዥኑ ላይ ስትወጣ ፀጉሯ ታየ፣ ፊቷ ግን አልለይ አለ ይባላል። ዓለምን ፊልም ሲያስገዛ የኖረው ኮዳክም በእነሱው አቆጣጠር በ2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ቤቱ ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው እንግዲህ ቤቱን ያፈረሰው።

ሁለተኛው አማካሪዬ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛዬ ነው። እሱ ዘንድ ሜጋ የሚባል ነገር አይነሳም። እሱ «ፉል ፍሬም ካልሆነ ገንዘብህን አትጣል» ባይ ነው። ምንድነው ፉል ፍሬም ብዬ ስጠይቀው፣ የሴንሰሩ ስፋት ነው አለና በእንግሊዝኛ ግማሽ ሰዓት አስረዳኝ። ቤት ገብቼ ግቢያችንን ሳይ ነው የገባኝ።

ክረምት ነው እንበል። ጣሪያው ጥግ ሳፋም ጀሪካንም ደቅናችኋል። ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ነኝ ይላል፤ አፉ ግን ጠባብ ስለሆነ ዝናቡ ዙሪያውን ይረጫል እንጂ አይገባለትም። ሳፋው አፉን ከፍቶ ይጠጣል። ዝናቡ ብርሃን ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ የሳፋው አፍ። ሜጋፒክስል የተጠራቀመውን ውሃ በስንት ስኒ ትቀዱታላችሁ የሚል ነገር ነው። ውሃ ሳይኖር ስኒ ቢደረደር ምን ይረባል? የኪስ ካሜራ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ 6 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የትንሿን ጣት ጥፍር አትሞላም። ሌንሳቸው የሚፈታው መካከለኛዎቹ 22 በ15 ገደማ ናቸው፤ በስፋት ወደ አሥራ ሁለት እጥፍ። የጓደኛዬ ፉል ፍሬም 36 በ24 ነው፤ የአባቴ ፊልም አንዷ ቁራጭ እንደነበረችው።

«ስንት ነው እሱ?» አልኩት።

ነገረኝ። ዝም አልኩ።

«ያገለገለውን ነው ያልኩህ» አለ። አሁንም ዝም አልኩ።

«ሌንሱ ለብቻው ነው።»

ካሜራ ያለ ሌንስ መሸጥ ጀበና ያለ ቂጥ መሸጥ አይደለም ወይ? አይደለም አለኝ፤ እንዲያውም መካከለኛውን ከገዛህ 50 ሚሊ የምትባል ርካሽ ሌንስ አለች፣ አፏ ሰፊ ነው፣ በጨለማ ያለ ፍላሽ ታነሳለች፤ ዙም ግን የላትም። ተውሼው ሞከርኩት። እውነቱን ነው፣ ጨለማ አትፈራም። ችግሩ በመካከለኛው ካሜራ ላይ ስትገጠም እይታዋ ይጠብባል፤ 80 ሚሊ እንደማለት ይሆናል። ሶፋው ላይ የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ለማስገባት ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ቢፌው ያዘኝ። በበሩ ወጣሁ። በረንዳው አለቀ። የእናቴን ሳሎን በዚህች ሌንስ ለማንሳት ጎረቤት ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

አንዳንዴ ሳስበው የጥንቶቹ ብልጦች ነበሩ። አፄ ምኒልክ ስለ ሌንስ ሲጨነቁ አልተሰማም። ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመናዊ ፎቶ አንሺ ነበራቸው፤ ልጆቹም በተራቸው ቤተ መንግሥት ሲያነሱ ኖረዋል። ንጉሡ ካሜራ አልመረጡም፣ ካሜራማን መረጡ። እኔ ካሜራማን መቅጠር አልችልም፤ ስለዚህ ቴሌግራም ገባሁ።

ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥበትን ዓለም ያላየ ሰው ስለ አማርኛ ቋንቋ ገና ብዙ ይቀረዋል። «በጣም ንጹህ»፣ «ከአዲስ የማይተናነስ»፣ «ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄድ»። አንዱ እንዲያውም «ሴት የያዘችው» ብሎ ለጥፏል። ይህ አባባል የመኪና ነበር፤ ሴት ቀስ ብላ ነው የምትነዳው ለማለት። ካሜራን ቀስ ብሎ መያዝ እንዴት ነው? ቀስ ብላ ነበር ፈገግ በሉ የምትለው? ዋጋው ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ «በውስጥ መስመር» ይላል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ መቶን ካለፈ ወዲህ፣ ዋጋ በአደባባይ የሚጽፍ ሻጭ ጠፍቷል። በውስጥ መስመር ስትጠይቁት እሱም መልሶ «አንተ ስንት አሰብክ?» ይላል። ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ።

እኔ ሳነጻጽር መስቀል አለፈ። ገና አለፈ። የአጎቴ ልጅ አገባ፤ የሙሽራው ቤተሰብ ሲጨፍር እኔ ጥግ ይዤ የሁለት ካሜራዎችን የባትሪ ዕድሜ አወዳድር ነበር። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ የሚለውን እናቴ በቀን ሁለቴ ትለው ጀመር፤ ጠዋት ለእኔ፣ ማታ ገና ላላገባችው ታናሽ እህቴ።

ለጥምቀት ግን ጨከንኩና ከጓደኛዬ መለዋወጫ ካሜራውን ተዋስኩ። ጃንሜዳ ያን ቀን ነጭ ባሕር ነው። አክስቴ ሐበሻ ቀሚሷን በነጠላ አጣፍታ፣ እናቴ ጋቢዋን ደርባ፣ ከኋላቸው ሌላ ሺህ ነጠላ። እንደ ባለሙያ ተንበርክኬ አነሳኋቸው። ቤት ገብተን ስናየው ልብሱ አመድማ፣ ፊታቸው ከሰል። አክስቴ ካሜራውን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችና «እኔን ነው ወይስ ጥላዬን ነው ያነሳኸው?» አለችኝ።

ኋላ ነው የተረዳሁት። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ዓለም በአማካይ አመድማ ናት ብሎ ነው የሚነሳው። ነጠላ በነጠላ ሲያይ «ኧረ ይሄማ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ፊታችን አብሮ ይጨልማል። መፍትሔው እዚያው ጀርባው ላይ ያለች የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት። ሰው ነጭ ሲለብስ ወደ መደመሩ አንድ ትገፋላችሁ፣ በቃ። ለአንድ አበሻ ስለ ካሜራ ሁለት ነገር ብቻ ንገር ብባል አንዷ እሷ ናት። ግን ጥምቀት በዓመት አንዴ ነው፣ ካሜራውም የሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ፒያሳ የማውቀው ፎቶ ቤት ነበር፤ ካሜራም ይሸጥ ነበር። ብሄድ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ከነመንገዱ ሄዷል። መርካቶ ወረድኩ። የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ ልጅ ከመሳቢያ ውስጥ፣ ቻርጀርና የተጠላለፈ ገመድ መሐል፣ አንዲት ብርማ የኪስ ካሜራ አወጣልኝ። የስሟን ነገር ተዉት፤ ዕድሜዋን ግን ጥርሷ ይናገራል።

«ከዱባይ ነው የመጣችው። 20 ዙም ናት» አለ።

አምስቱ የሌንሷ ነው፤ የቀረው ዲጂታል ዙም የሚሉት ነው፣ እንግዳ ሲበዛ ወጡን በውሃ ማብዛት። አልነገርኩትም፤ ስምንት ወር የተማርኩትን በአንድ ጊዜ ማባከን አልፈለግሁም። ይልቅ ካሜራዋን አንስቼ ነጭ ግድግዳውን ማንሳት ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ንጹህ ነጭ ላይ ይጋለጣል።

«ወንድሜ» አለ ልጁ፣ «ግድግዳውን ልትገዛው ነው እንዴ?»

ሚሞሪዋንም አየሁ። ይሄ ሁለተኛው ነገር ነው። የጥንት ካሜራ አንዳንዱ እንደ ቅምጥል ልጅ ነው፣ የራሱ ካልሆነ አይበላም። የድሮ ሶኒዎች ሚሞሪ ስቲክ የሚባል ይፈልጋሉ፣ የድሮ ኦሊምፐሶች ኤክስዲ የሚባል፤ ካሜራው በርካሽ ይገኝና ሚሞሪ ፍለጋ መርካቶን ስትዞሩ ትከርማላችሁ። ተራውን ኤስዲ የሚወስዱትም ቢሆኑ በጣም ካረጁ ከሁለት ጊጋ በላይ አናውቅም ይላሉ። ይቺ ስምንት ጊጋውን ያለ ማንገራገር ዋጠችው። ከአሥራ አራት ሺህ ጀምረን ዘጠኝ ሺህ ከአምስት መቶ ላይ ተጨባበጥን። ልጁ ሲጠቀልልልኝ በአዘኔታ እያየኝ፣ «ስልክህ ተሰብሮ ነው?» አለ።

ቤት ገብቼ ስከፍታት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀኑን ነው። ይሄ ቀላል ጥያቄ የሚመስለው ለሌላ አገር ሰው ነው። በእነሱ ልሙላላት ወይስ በእኛ? በእኛ ብሞላ ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፤ እሷ ግን ሁለተኛ ወር የምትለው በ28 ያልቃል፤ ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው ልደቱን አያከብርም ማለት ነው። ጳጉሜንማ ጭራሽ አልሰማችም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብላት ገና ጠዋት ነው ባይ ናት። ተሸነፍኩና በፈረንጅ ሞላሁላት።

ባትሪዋን ለቻርጅ አውጥቼ ስመልሰው እንደገና ቀኑን ጠየቀችኝ። በማግሥቱም እንዲሁ። ሰዓት የምትይዝበት የውስጥ ትንሽ ባትሪ ሞቷል፤ ዋናው በወጣ ቁጥር ሁሉን ትረሳና 01/01/2006 ላይ ቁጭ ትላለች። ሦስት ቀን ሞላሁ። በአራተኛው ተውኩት። ካሜራ ምን ቀን ያስፈልጋታል፣ ቀጠሮ የላት።

ግንቦት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ እናቴ ቡና አፈላች። አክስቴ መጥታለች፤ ታላቅ እህቴና የስድስት ዓመቷ ልጇ አሉ። መጀመሪያ በፍላሽ አነሳሁ። የአክስቴ ሁለት ዓይኖች እንደ ፍም ቀሉ። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ገብቶ ከጀርባው ደም ሥር ላይ ነጥሮ ነው የሚመለሰው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ጥምቀት ላይ ከሰል፣ ዛሬ ደግሞ ቡዳ» አለች።

ፍላሹን አጠፋሁ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ መጋረጃውን ሰብስቤ ቋጠርኩ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ካሜራዋን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ። እናቴ ሁለተኛውን ልትቀዳ ጀበናውን አዘነበለች። ከበሩ የገባው ብርሃን በአንድ ጎን ጉንጯን ያዘው፤ የእጣኑ ጭስ በብርሃኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ልጅቷ አፏ ሙሉ ፈንዲሻ ይዛ ስኒዎቹን ትቆጥራለች። ተጫንኩ። ድምፅ እንኳ የላትም፣ እህል ስትቆረጥም እንደምትሰማ አይጥ «ጢቅ» ብቻ።

በማግሥቱ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ልጁ ሚሞሪዬን ሲያይ «ቴሌግራም የለህም?» አለኝ። በግድ አስገልብጬ፣ 10 በ15፣ አሳተምኩት። በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ፤ መንገድ ላይ አላየሁትም።

እናቴ መነፅሯን አድርጋ ከአልበሙ ባዶ ፕላስቲክ አጠገብ ይዛው ብዙ ቆየች። ጥሩ ምልክት መሰለኝ።

«መቼ ነው ይሄ?» አለች።

«ትናንት ነዋ እማዬ።»

«እዚህ ጋ ሌላ ይላል።» ጣቷን ቀኙ ጥግ ላይ አሳረፈች። ብርቱካንማ ቁጥር፤ ፎቶው ላይ እንደምትጽፍ አላወቅሁም ነበር። እናቴ ጮክ ብላ አነበበችው፣ በእኛው ነው የምታነበው፦ «አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ ስድስት። መስከረም አንድ። እንቁጣጣሽ ነው እንዴ? ቄጤማው የታለ?»

የፈረንጅ ቀን መሆኑን፣ እሱም ስህተት መሆኑን፣ ባትሪው መሞቱን አስረዳኋት። የሰማችኝ አይመስለኝም።

«ይህቺ በ2006 አልተወለደችም» አለች ፈንዲሻ የጎረሰችውን እያሳየች። ቀጥላ ፎቶውን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት፤ አክስቴ፣ እህቴ፣ ጀበናው፣ በሩ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር። «በ2006 እንቁጣጣሽ አባትህ አለ። በጉን ያረደው እሱ ነው።»

አባቴ ያረፈው በ2010 ነው። ምንም አላልኩም።

ፎቶውን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነበር። ከደረት ኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ ሰጠኋት፤ አየችውና መለሰችልኝ።

«በእርሳስ» አለች።

ቤቱ ውስጥ እርሳስ ፈለግን። ልጅቷ ሮጣ ከደብተር መያዣ ቦርሳዋ አንድ አመጣች፤ የጣት ቁራጭ የምታክል፣ ቂጧ የተቆረጠመ። እናቴ ጫፉን ምላሷ ላይ ነካ አደረገችና መነፅሯን አስተካከለች።

«ግንቦት ስንት ነበር ትናንት?»